ሊፍቱ ውስጥ ያልተቆጠረችው

የሊፍት ሠራተኛዋ እትዬ ሽቅብ ባለ ሕንፃውን ሊፍት ውስጥ በስድስተኛውና በሰባተኛው ፎቅ መካከል አንጠልጥላ፣ በሩን በቁልፍ ቆልፋ፣ «ወደ ሥራዬ ካልመለሱኝ ከዚህ ንቅንቅ የለም» ብላ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጠብታ ውሃ ሳታቀምስ አቆይታ፣ በመጨረሻም ሦስት ጊዜ አሰግዳ አስምላቸዋለች ይባላል።

ይባላል ነው እንግዲህ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይላሉና እኛም ትንሽ እንጨምር። ወሬው ከሕንፃው በር ሲነሳ የእገታው ርዝመት ሃያ ደቂቃ ነበር። መንገድ ተሻግሮ ሻይ ቤቱ ሲደርስ ሁለት ሰዓት ሆነ። ፀጉር ቤቱ ጋ ግማሽ ቀን ሞላው። ገበያ ሲገባ ደግሞ ባለ ሕንፃው ሁለት ሌሊት አድረው፣ ጢማቸው አድጎ ነበር የወረዱት። ወሬው አንድ ፌርማታ ቢጨምር ኖሮ ሰውየው እዚያው አርጅተው፣ ልጆቻቸው ውርስ ሲካፈሉ እናገኝ ነበር። ደግሞም ያ ሊፍት የበር መቆለፊያ የሚባል ነገር የለውም። ዕድሜውን ሙሉ ኖሮት አያውቅም፤ መዘጋቱ ራሱ በስንት ልመና ነው። በዚያ ላይ እትዬ ሽቅብ ማለት ዝንብ ሊፍት ውስጥ ብትገባ «ስንተኛ ነሽ?» ብላ ጠይቃ የምታደርስ ሴት ናት።

ግን ወሬም ቢሆን ከባዶ ሜዳ አይበቅልምና ነገሩን ከሥሩ እንያዘው።

ስሟን ከታላቅ እህቷ በቀር የሚጠራው ሰው የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ እየገባ «ሽቅብ» ሲላት ስሟ ሽቅብ ሆኖ ቀረ። ቁልቁል የሚሄደውም ሽቅብ ይላታል። የምትሠራበት ሕንፃ ዘጠኝ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ ግን ከሕንፃው በፊት የተወለደና እንዳይበርደው ብለው ሕንፃውን በኋላ ዙሪያውን የሠሩለት ይመስላል። እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ የብረት በር አለው። ከሚጫኑት ቁልፎች ላይ አራትና ሰባት ቁጥሮች በጣቷ ተልጠው አልቀዋል። እሷ የምትቀመጥባት ባለ ሦስት እግር በርጩማ አንዱን ጥግ ይዛለች፤ በቀረው ቦታ ሦስት ሰው ይቆማል፤ ቀጫጭኖች ከሆኑ አራት።

ይህ ሊፍት አንድ አመል ነበረው። ከስድስተኛ ወደ ሰባተኛ ሲያልፍ የብረት በሩ የጣት ውፍረት ያህል ይላቀቅና ሊፍቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መድኃኒቱን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ስድስተኛን እንዳለፉ ጎንበስ ብሎ በሩን በግራ ዳሌ ደገፍ፣ በቀኝ እጅ ደግሞ እጀታውን ወደ ላይ ቀና ማድረግ ነው። ይህንን በቀን መቶ ጊዜ፣ ስለ ኑሮ ውድነት እያወራች፣ ሳታስበው ታደርገዋለች።

ተሳፋሪው ግን ያየው ሌላ ነገር ነው። ከስድስተኛ በላይ ያሉት ቢሮዎች ምንጣፍ የተነጠፈባቸው ናቸው፤ ዘጠነኛው ላይ ባለ ሕንፃው ራሳቸው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሴትዮዋ ለትልልቆቹ ፎቆች እጅ የምትነሳ መሰላቸው። የላይኞቹ ደስ አላቸውና «ጨዋ ሴት» አሏት። የአምስተኛው ፎቅ ጠበቃ ተቀየመ፤ «እኛን ስታደርስ ለምን ቀጥ ትላለች?» ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ማመልከቻ እስከ መጻፍ ደረሰ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ «ለምንድን ነው የምታጎነብሺው?» ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው አልተገኘም። የሚሰገድለት ሰው ምክንያት አይጠይቅም።

ከዚያ ያ በትንፋሽ የሚተላለፈው በሽታ መጣ።

የሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ማስታወቂያ መለጠፍ የሚወድ ሰው ነው። «ማስታወቂያ መለጠፍ ክልክል ነው» የሚለውን እንኳ አራት ቦታ ለጥፎታል። በሽታው በገባ በሳምንቱ ሊፍቱ በር ላይ «ከአንድ ሰው በላይ መሳፈር በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ከጎኑ ደግሞ የዱሮው አለ፤ «ከሊፍት ሠራተኛዋ በቀር ቁልፍ መንካት ክልክል ነው» ይላል። የአራተኛው ፎቅ የጥርስ ሐኪም ጠዋት መጣ፣ ሁለቱን አነበበ፣ እትዬ ሽቅብን አየ፣ አሁንም አነበበና ወደ ደረጃው ሄደ። ሐኪም ሆኖ ደረጃ ሲመርጥ ያየ ሁሉ ተከተለው። እትዬ ሽቅብም እስከ ረፋድ ብቻዋን ስትወጣ፣ ብቻዋን ስትወርድ አረፈደች። እንዲህ ያለ ክብር ለንግሥትም አይደርሳት።

ሥራ አስኪያጁ ተጠራ። አገጩን እያሻሸ ሁለቱን ወረቀቶች ለረጅም ጊዜ ተመለከተ፤ ሁለቱንም የጻፈው እሱ ስለሆነ አንዱን መቅደድ አንጀቱ አልቻለም። በመጨረሻ ፊቱ በራ።

«ገባኝ፤ አንቺ አትቆጠሪም» አላት። «አንቺ የሊፍቱ አካል ነሽ።»

እሺ አለች። ማታ ቤት ገብታ ለእህቷ ስትነግራት እህቷ እስኪያስላት ሳቀች። «እንግዲያ ሊፍቱን ሲቀቡት አንቺንም ግሪስ ይቀቡሻላ» አለቻት።

ይህቺ ታላቅ እህቷ፣ እሷ እታለም የምትላት፣ ወጣትነቷን ክር ፋብሪካ ነው የጨረሰችው። ፋብሪካው ተዘጋ፤ የጥጡ ብናኝ ግን ሳንባዋ ውስጥ ሥራውን ቀጠለ። መድኃኒቷን የምትገዛላት፣ የቤት ኪራዩን የምትችለው ታናሽየዋ ናት። የሚኖሩት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ አሥራ አንድ ቤተሰብ አንድ ቧንቧ ይጋራል፤ ቧንቧው ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው ትዝ የሚለው። ሬዲዮኑ «እጃችሁን በሚፈስ ውሃ ደጋግማችሁ ታጠቡ» ሲል እታለም «የሚፈሰውን ላክልና» ትለዋለች። «ሁለት እርምጃ ተራራቁ» ሲል ደግሞ «እኛ ቤት ሁለት እርምጃ የተራራቀ ሰው ጎረቤት ነው የገባው» ትላለች። እትዬ ሽቅብ በበኩሏ ክፍሏን በአንሶላ ለሁለት ከፈለች። ከሥራ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ጃንጥላ ትዘረጋና ከጀርባው ልብሷን ቀይራ ትገባለች። ጎረቤት መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ጃንጥላዋን ይዋሳት ጀመር።

እንግዲህ የሊፍቱ ሒሳብ ይህ ነበር። ከላይም ከታችም የመጣው ሰው በሊፍቱ ውስጥ የሚያገኘው አንድ ሰው ብቻ ነው። እሷ ግን ሁሉንም ታገኛለች። ዘበኛው በር ላይ ሆኖ ሲቆጥር በቀን እስከ መቶ አርባ ደርሷል። ሰዉ ይገባና ጀርባውን ሰጥቷት፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ጉንጩን ነፍቶ ትንፋሹን ይይዛል። የሁለተኛ ፎቆቹ ሳይቸገሩ ይደርሳሉ። የአምስተኛው ጠበቃ ዓይኑ ፈጦ ይወርዳል። ከሰባተኛ በላይ ያሉት ግን አቅም ያንሳቸውና ስድስተኛ ላይ፣ ልክ እሷ ስታጎነብስ፣ የያዙትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማጅራቷ ላይ ይለቁታል። እሷ ከአሮጌ መጋረጃ የሰፋቻትን የአፍ መሸፈኛ ታጠብቃለች፣ እታለምን ታስባለች፣ ዳሌዋን ደገፍ፣ እጀታውን ቀና። ብትቀር ኪራይ የለም፣ መድኃኒት የለም። ብትሄድ የማንን ትንፋሽ ይዛ እንደምትመለስ አታውቅም። በሁለቱም በኩል ያለችው እታለም ናት።

በሽታው ሰውን ሲያስል ኑሮው ደግሞ ሕንፃውን ያስለው ጀመር። የሦስተኛው ፎቅ የጉዞ ወኪል ዘጋ፤ ማን የት ይሄዳል። የሁለተኛው ልብስ ሰፊ ማሽኑን ጭኖ ወጣ። ባለ ሕንፃው ሠራተኞቹን ምድር ቤት ሰብስበው «ችግሩ የሁላችንም ነው፤ እኔም ተጎድቻለሁ» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሁለተኛውን መኪናቸውን ሸራ አልብሰው አቁመዋል። ንግግሩ ሲያልቅ ከስድስቱ የጽዳት ሠራተኞች አራቱ ተሰናበቱ። ከአራቱ አንዷ ቀጭኗ የሚሏት፣ ሁለት ልጆች ያሏትና ለእትዬ ሽቅብ ጠዋት ጠዋት በፔርሙስ ሻይ ታመጣላት የነበረችው ናት። የዚያን ቀን ፔርሙሱን በርጩማው ሥር አስቀምጣ፣ «ስመለስ እወስደዋለሁ» ብላ ሄደች። አልተመለሰችም።

የእትዬ ሽቅብ ተራ ሲደርስ የመጣው በጥርስ ሐኪሙ በኩል ነው። ሐኪሙ በደረጃው ጉልበቱ አልቆ ኖሮ ደብዳቤ ጻፈ። ሴትዮዋ ከሁላችንም ጋር ትተነፍሳለች፣ ስለዚህ ለሁላችንም አደጋ ናት፤ ማስታወቂያው አንድ ሰው ይላል፣ እሷም እንደማንኛችንም ሰው ናት፤ ይላል ደብዳቤው። ስለ እሷ ሰው መሆን በጽሑፍ ሲመሰከር ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ጠራትና ወረቀቱን እያገላበጠ «ጉዳዩ ተጣርቷል» አላት። «አንቺም ሰው መሆንሽ ተረጋግጧል። ስለዚህ መሳፈር አትችይም።»

እንግዲህ እንደዚህ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የዕቃ ተራ ተቆጥራ፣ ሰው የሆነችው በተባረረች ቀን ነው። ለእታለም እንዴት ብላ እንደምትነግራት ስታስብ መንገዱ አለቀ። እታለም ግን በዚያን ቀን አልሳቀችም። የቀረችውን መድኃኒት ብልቃጥ አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አየቻት፤ ለስምንት ቀን ትሆናለች። መልሳ አስቀመጠቻትና ነገ ግማሽ ግማሽ መዋጥ ቢጀመር ምን ይመስልሻል አለቻት፤ ስለ ስኳር የምታወራ ነበር የምትመስለው።

ሦስት ቀን ሊፍቱ በመድኃኒት ሲታጠብ ቆየ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ባለ ሕንፃው «ቁልፍ መጫን ምን ጥበብ አለው?» ብለው፣ ለሌላው ምሳሌ ይሆኑ ዘንድ ብቻቸውን ገቡ። ልክ እንደ ማስታወቂያው፣ አንድ ሰው። በሩን ሳቡ፣ ዘጠኝን ተጫኑ፣ ሽቅብ ሄዱ። ስድስተኛን አለፉ። ቀጥ አሉ።

የጥገናው ሰው ወሸባ ገብቷል። ሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያ ሊለጥፍ አሰበና የት እንደሚለጥፈው ጠፋው። በመጨረሻ ዘበኛው ስልኩን አነሳ።

«እትዬ፣ ጌታው ተሰቅለዋል» አላት።

እታለም ከአንሶላው ወዲያ ሆና ሰምታለች። «የሊፍቱ ዕቃ እቤት ተቀምጧል፤ መጥታችሁ ውሰዱ በያቸው» አለች።

እትዬ ሽቅብ ግን ጫማዋን እየፈለገች ነበር። የሊፍቱ ሳጥን መስኮት እንደሌለው፣ ቆሞ ሲቆይ እንዴት እንደሚሞቅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ይህንን ስትነግራት እታለም አንሶላውን ገለጠችው።

«ሂጂ። ግን መጀመሪያ ሥራዬን በይ፤ አፍሽን ሞልተሽ። ሥራዬን ይመልሱልኝና አወርድዎታለሁ በይ። ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ያህል ደግ ሁኚ።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ ዓረፍተ ነገሯን መንገዱን ሙሉ አጠናቻት። ታክሲው ግማሽ ሰው እየጫነ እጥፍ ስለሚያስከፍል በእግሯ ነው የሄደችው፤ አርባ ደቂቃ። «ሥራዬን ይመልሱልኝና አወርድዎታለሁ።» አንዴ በቁጣ፣ አንዴ በትሕትና፣ አንዴ ጉሮሮዋን ጠርጋ። ሕንፃው በር ስትደርስ በቃሏ ወጥቶላታል።

ያልተዘጋጀችው ለደረጃው ነው። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ሕንፃ ውስጥ ሽቅብ ስትል ኖራ አንድም ቀን በእግሯ ወጥታ አታውቅም። ደረጃ ማለት ለእሷ በግድግዳው ማዶ የሌላ ሰው ኮቴ ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የልብስ ሰፊው ማሽን የቆመበት አራት ማዕዘን ወለሉ ላይ ነጥቶ ይታያል። ሦስተኛው ላይ በመስታወቱ ውስጥ የአውሮፕላን ሥዕል ብቻውን ይበራል። አቧራው ደረጃው ላይ ተኝቷል፤ ሁለት ጽዳት ዘጠኝ ፎቅ አያዳርስም። አራተኛው ላይ ጉልበቷ፣ አምስተኛው ላይ ልቧ እረፊ ብሎ ለመናት። ስድስተኛው ላይ ከዓይኗ ፊት ኮከብ ሲረግፍ አየችና የመጨረሻው ደረጃ ላይ ዘጭ አለች። ያጠናችው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ ቃል በቃል አለ፤ የሚያወጣው ትንፋሽ ነው የታጣው።

ሥራ አስኪያጁ፣ ዘበኛውና የጥርስ ሐኪሙ ሁለት ሁለት እርምጃ ተራርቀው፣ ልክ ፎቶ ሊነሱ የተሰለፉ መስለው ቆመዋል። ከላይ፣ ከኮርኒሱ በላይ ከተንጠለጠለው ሳጥን፣ ድምፅ መጣ።

«መጣች?»

መጥታለች ጌታዬ አሉ።

«ታዲያ ምን ትላለች?»

ምንም አትልም አሉ። እትዬ ሽቅብ አንድ ጣቷን አነሳች፤ አንዴ ታገሱኝ ለማለት ነው። ዘበኛው አንድ ጣት አሳየች ብሎ ወደ ላይ ጮኸ። ባለ ሕንፃው በሕይወታቸው ብዙ ድርድር ያዩ ሰው ናቸው፤ ዝም የሚል ተደራዳሪ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ያውቃሉ።

«ወደ ሥራዋ ትመለስ» አሉ።

እትዬ ሽቅብ ደረቷን ይዛ ወለሉን ታያለች።

«ለበርጩማዋ ትራስ ይሠራላት።»

ዝም።

«እሺ፣ የአፍ መሸፈኛ በየሳምንቱ። ምድር ቤት ደግሞ ሠራተኛው ሁሉ የሚታጠብበት ቧንቧ ይገባል። ከነሳሙናው።»

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ዝም ባለ አፍ ቧንቧ ሲገባ ግን ሰው ያየው ያን ቀን ነው። ሐኪሙ ቀጥሎ የቆመውን ዘበኛ «ይህቺ ሴት ብርቱ ናት» አለው በሹክሹክታ። ከላይ ደግሞ ድምፁ እየሳሳ መጣ። ብትታመም ከነደሞዟ እቤቷ ትቆያለች፤ አሉ። ትንፋሿ የተመለሰላት ትራሱ ሲባል ይሁን ቧንቧው ሲባል፣ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሷም ጠይቋት የሚያምናት አላገኘችም።

በመጨረሻ ቀና አለች። ያጠናችውን ልትናገር አፏን ስትከፍት ባለ ሕንፃው ሳሉ። ደረቅ ሳል ነው፣ አየር ያጠረው ሰው ሳል፤ ከአንሶላው ወዲያ ሌሊት ሌሊት የምትሰማው ዓይነት። ዓረፍተ ነገሩ ከአፏ ተመለሰ።

«ጌታዬ፣ ጎንበስ ይበሉ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ጨፈነ። ሥራ፣ ትራስ፣ ቧንቧ፣ ደሞዝ ሰጥተው ይኸው ባለ ሕንፃው ደግሞ ስግደት ተጠየቁ። አጎነበሱ። አልሄደም። «አይደለም፣ ይበልጥ ዝቅ ይበሉና በግራ ዳሌዎ በሩን ይደግፉት» አለች። በቀኝ ደገፉት። «ግራ፣ ግራ። እጀታውን ወደ ላይ ቀና።» በሦስተኛው ጊዜ ሊፍቱ እንደ አዛውንት አቃስቶ ሽቅብ ሄደ። እጅ መንሳት ብለው ሃያ ሁለት ዓመት ሲደሰቱበት የኖሩት ነገር ምን እንደነበር ባለ ሕንፃው ያን ጊዜ በዳሌያቸው ተረዱት። ለማንም ግን አልተናገሩም።

ከተገባው ቃል እንደተለመደው ገሚሱ ተፈጸመ። ሥራዋ ተመለሰ፤ ያንን ዳሌ ሌላ ቦታ ከየት ያመጣሉ። ቧንቧው ገባ፤ ማታ ማታ አንድ ጀሪካን ሞልታ ለእታለም ትወስዳለች፤ መድኃኒቱም እንደገና ሙሉ ሙሉ ይዋጥ ጀመር። ትራሱ መጣ። የሕመም ደሞዙ «በጥናት ላይ ነው»፤ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀርቷል። ሥራ አስኪያጁ ማስታወቂያው ላይ «አንድ» የሚለውን በብዕር ሰርዞ «ሁለት፣ ሠራተኛዋን ጨምሮ» ብሎ ጻፈበት። እትዬ ሽቅብ ስትወጣ ስትወርድ የምታያት ያቺን ስርዝ ነው። የተሰናበቱትን አራት ጽዳቶች ግን የጠራቸው የለም። መጥረጊያ በሁለት ፎቅ መካከል ቀጥ ብሎ ማንንም አያንጠለጥልም።

ወሬው ደግሞ ያንን ሰሞን ለሰፈሩ መድኃኒት ሆነ። ሁሉም ከአንድ ሰው በታች ተቀምጦ ሳለ፣ የታችኛዋ የላይኛውን አንጠልጥላ ማቆየቷን እየሰማ ሻዩን ያለ ስኳር ጠጣው። እትዬ ሽቅብ ሲነግሯት ፈገግ ትልና «ስንተኛ ነህ?» ብላ ታልፈው ነበር። ማንንም አይጎዳም ብላ።

አንድ ጠዋት ቀጭኗ መጣች። እትዬ ሽቅብ ፔርሙሷን ልትወስድ የመጣች መስሏት ከበርጩማው ሥር አወጣችላት። ቀጭኗ ተቀበለቻት፤ ግን አልሄደችም። ሊፍቱ ውስጥ ገብታ በሩን ሳበች። የበለጠ ቀጥናለች። አራቱም ተማክረናል አለች፤ ገበያው ሁሉ የሚያወራውን ሰምተናል፤ ነገ በባለ ሕንፃው መኪና ፊት ተኝተን አናስወጣቸውም፤ ዘበኛው ቢደበድበንም እንችለዋለን። የቀረን አንቺን መጠየቅ ነው።

«እንዴት አድርገሽ ነው የያዝሻቸው እትዬ? ምን ብለሽ ነው ያስማልሻቸው? ልክ አንቺ ያልሽውን እንላለን።»

እትዬ ሽቅብ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሳች። ፈገግ አላለችም። ከበርጩማዋ ተነስታ ትራሷን ለቀጭኗ ገፋ አደረገችላት፤ ራሷ ቆመች።

«አልያዝኳቸውም» አለች። «የሚቆለፍ በር የለም፣ ይኸው እዪው። ከጠዋት እስከ ማታ ያሉት፣ እኔ ከደረስኩ በኋላ ሩብ ሰዓት አይሞላም። አላስማልኳቸውም፤ ስለ ሥራዬ አንድ ቃል አልወጣኝም። አላሰገድኳቸውም፤ በሩ ነው እንደዚያ የሚከፈተው። ደረጃው ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን ስፈልግ ነበር። እኔን ያስመለሰኝ በሩ ነው ልጄ፤ ለእናንተ እንደዚህ ያለ በር የለም፣ መኪናው ፊት አትተኙ። የሰማሽው ሁሉ ውሸት ነው።»